«ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ራሴን ያዞረኛል»፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌሊት ነው። በቀኝ ጎኔ ልተኛ ብዬ ስገላበጥ ክፍሉ ዞረ። ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ቁም ሳጥኑ እየተከታተሉ በፊቴ አለፉ። ፍራሹን በሁለት እጄ ጨብጬ «አለቀልኝ» አልኩ። ዙረቱ ቆመ፤ ከወራት በፊት በጆሮዬ የጀመረው ጭውታ ግን ያን ሌሊት በእጥፍ የጨመረ መሰለኝ። ስልኬን አንስቼ «የጆሮ ጩኸትና ማዞር» ብዬ ፈለግሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለራሴ ሜኒየር የሚባል የውስጠኛው ጆሮ በሽታ ሰጠሁ፤ በአሥረኛው ደቂቃ የአንጎል ዕጢ ጨመርኩበት።

ሁለቱም አልነበሩም። መልሱን እስካገኝ ግን ሦስት ወር ባከነ፤ ያባከንኩት ደግሞ ራሴው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትንም ሐኪሟ ጋ ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ ከተቀመጡ ሰዎች ሰምቻለሁ።

«አዞረኝ» ብሎ ማቆም

በአማርኛችን «አዞረኝ» የማይሸከመው ነገር የለም። ጾሙን የዋለም ያዞረዋል፤ ከተቀመጠበት ብድግ ያለም ያዞረዋል፤ ግድግዳው የሚሽከረከርበትም፣ ጀልባ ላይ እንደቆመ የሚወዛወዝም ያው «አዞረኝ» ነው የሚለው። ለሐኪም ግን እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስንነሳ ዓይንን ጭልም አድርጎ ሊጥለን የሚለው ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ለአፍታ ሲወርድ የሚመጣ ነው። ዙሪያው በእውነት የሚሽከረከር ከሆነ፣ ማለትም ቨርቲጎ የሚሉት ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ያመራል።

ከዓይነቱም በላይ ብዙ የሚናገረው ቆይታው ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው ከፍ ያለ መደርደሪያ ሲያዩ ተነሥቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያልፍ ዙረት፣ ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ሚዛን ወደሚጠብቁት ግማሽ ክብ ቦዮች በመግባታቸው የሚመጣ ነው። የሜኒየር ዙረት ሳይጠሩት ይመጣና ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። ከማይግሬን ጋር የተያያዘው ደግሞ ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ ራስ ምታት ሳይኖር መምጣቱም ሰዎችን ያሳስታል።

እኔ ሐኪሟን «ቀኑን ሙሉ ያዞረኛል» ነበር ያልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ልክም አልነበረም። «ክፍሉ የሚሽከረከረው ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው ሲነሣብዎ ይቁጠሩ» ብላ ላከችኝ። በማግስቱ ሌሊት ቆጠርኩ፤ ከሃያ ሴኮንድ አላለፈም። ቀሪው ቀን ማቅለሽለሽ፣ ፍርሃት፣ አንገቴን እንደ እንጨት አድርቄ መሄድ ነበር። ሦስት ወር የተሸከምኩት «ቀኑን ሙሉ» ሲመዘን ሃያ ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ወረቀት ይያዙ። መቼ መጣ፣ ምን እያደረጉ ነበር፣ ስንት ቆየ፣ የትኛው ጆሮ ጮኸ፣ በዚያ ሰዓት መስማትዎ ቀንሶ ነበር ወይ፣ ጆሮዎ እንደተደፈነ ተሰማዎት ወይ? ከዚህ በላይ አይጻፉ፤ ከዚህ በላይ ሲሆን ማስታወሻው ራሱ ጭንቀት ይሆናል።

ሁለቱን ምልክቶች በአንድ በሽታ መጠቅለል

ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፔር ሜኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ላይ፣ እስከዚያ ድረስ ከአንጎል እንደሚመጣ ይታሰብ የነበረው ዙረት ከውስጠኛው ጆሮ ሊነሣ እንደሚችል አስረዳ። የመስሚያው ቀንድ አውጣ መሰል አካልና ሚዛን ጠባቂዎቹ ቦዮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ፈሳሻቸውም የተገናኘ ነው፤ ወደ አንጎል የሚወስዳቸው ነርቭም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ጆሮው የሚጮኽና የሚዞርበት ሰው «አንድ ቦታ ተበላሸ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የጆሮ ጩኸት እጅግ የተለመደ ነው፤ የጠጠሮቹ ዙረትም እንዲሁ። ሁለት የተለመዱ ነገሮች አንድ ሰው ላይ ቢገናኙ ምን ይገርማል? ሜኒየር ነው ለማለት ሁለትና ከዚያ በላይ የዙረት ጥቃት፣ በዚያው ጆሮ ከፍ ዝቅ የሚል ጩኸት ወይም መደፈን፣ እንዲሁም በመስማት ምርመራ የተረጋገጠ የመስማት መቀነስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ የሚቀንሰውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ድምፅ ነው።

የእኔን ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ምርመራዬን ውጤት የያዘውን ወረቀት፣ ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ አሳየችኝ። መስመሩ ዝቅተኛው ድምፅ ላይ፣ በ250ና በ500 ሄርዝ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ጋ፣ 4000 ሄርዝ ሲደርስ ጉድጓድ እንደገባ ዝቅ ይልና መልሶ ቀና ይላል። «ይሄ የጩኸት ጠባሳ ነው» አለች። ለዓመታት ከጄኔሬተር ጎን መሥራቴን ያኔ ነው ያስታወስኩት። ጭውታው ከዚያ፣ ዙረቱ ከጠጠሮቹ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች። ያቺ አንድ ወረቀት ከብዙ ሌሊት ፍለጋ ይልቅ ጠቀመችኝ። ጆሮው ለሚጮኽበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው፦ የመስማት ምርመራ ያድርጉ።

በድንገት የጠፋ መስማትን «ኩክ ነው» ብሎ መጠበቅ

ከስህተቶቹ ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ቢደክም፣ በተለይ ከአዲስ ጩኸት ጋር፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም። የነርቭ ከሆነ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚጠቅመው በቶሎ ሲጀመር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግን «ጉንፋን ነው»፣ «ውኃ ገብቶበት ነው» እያለ ቀኑን ይጨርሳል።

ቤት ውስጥ የምትሞከር ትንሽ ፍንጭ አለች። አፍዎን ዘግተው «እምምም» ይበሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ በኩል ጎልቶ ከተሰማ ኩክ ወይም ፈሳሽ መንገዱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። በደኅናው በኩል ከጎላ ግን የነርቩ ነገር ያሳስባል። ፍንጭ ናት እንጂ ፍርድ አይደለችም፤ በየትኛውም በኩል ቢሰማዎት በዚያው ቀን የአንገት በላይ ሐኪም ያግኙ።

«ጆሮ ነው» ብሎ ስትሮክን ማሳለፍ

ስለ ጆሮ ብዙ ያነበበ ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል፦ ሁሉንም ለጆሮ መስጠት። ዙረቱ ድንገት መጥቶ አንዱ ለሁለት ከታየ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ያለ ደጋፊ መቆም ካቃተ፣ ወይም እስከ ዛሬ ያልታወቀ ኃይለኛ የራስ ወይም የአንገት ሕመም አብሮ ከመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተነሣ ሲቲ ስካን ንጹሕ መሆኑ ብቻ ስትሮክ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ጭውታውን ጸጥታ ውስጥ እየፈለጉ መለካት

ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሁሉም ተኝቶ፣ እኔ ትራሴ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። «ዛሬ ጨመረ? ከትናንቱ ቀጠነ?» ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ሁሉ አዳመጥኩ! ጸጥታ ውስጥ የማይጮኽ ጆሮ ብርቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስማታቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀመጡ፤ 94 በመቶዎቹ አንዳች ድምፅ እንደሰሙ ተናገሩ።

አንጎል የፈራውን ድምፅ አጉልቶ ያሰማል። ስለዚህ ማታ ማታ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ የአየር ማራገቢያም ይሁን የተቀዳ የዝናብ ድምፅ፣ ከጭውታው በታች አድርጎ መክፈት ይረዳል። ጨርሶ ለመዋጥ ብለው አያስጩኹት።

አንድ ልዩነት ብቻ ይያዙ። ጩኸቱ ከልብ ምትዎ ጋር እኩል «ድው ድው» የሚል ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ሆኖ የማይለቅ ከሆነ፣ መታየት አለበት። የመጀመሪያው የደም ሥሮችን ማየት ይጠይቃል። ለሁለተኛው ኤም አር አይ የሚታዘዘው በነርቩ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ እንዳይኖር ነው፤ የሚገኝባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ክኒኑን መኖሪያ ማድረግ

ሲናሪዚን፣ ፕሮክሎርፔራዚን፣ ሜክሊዚንና የመሳሰሉት ዙረትና ማስመለስ ለበረታባቸው ቀናት ደኅና ናቸው። ለሳምንታት ሲወሰዱ ግን አንጎል የተዛባውን ሚዛን እንዳይለምድ ያዘገዩታል። አለመንቀሳቀስም እንደዚያው ነው። እኔ ለሦስት ወር ወደ ቀኝ አልዞርኩም፤ መንገድ ስሻገር እንኳን መላ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። ያተረፍኩት የአንገት ሕመም ነው።

ለሜኒየር በብዛት ስለሚታዘዘው ቤታሂስቲንም ማወቅ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 221 ሕሙማን በተሳተፉበት የጀርመን ጥናት፣ ለዘጠኝ ወር መድኃኒቱን የወሰዱትና ባዶ ክኒን የወሰዱት በጥቃቱ ብዛት አልተለያዩም፤ የሁሉም ጥቃት ቀነሰ። ጠቀመኝ የሚል ሰው ካለ አልሟገትም፤ መቀጠል አለመቀጠሉን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

በሌላ በኩል፣ ጆሮን የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ፦ ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ብዙ አስፕሪን፣ ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት፣ በደም ሥር በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ፉሮሰማይድ (ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት)። የሚወስዱትን ሁሉ ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።

ከቪዲዮ አይቶ ጭንቅላትን ማገላበጥ

ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ፣ ኤፕሊ የሚባል የጭንቅላት አዟዟር አለ። ይሠራል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይገላገላል። ችግሩ ጎኑን ማወቅ ነው። እኔ ያየሁት ቪዲዮ የሚያሳየው የግራ ጆሮን ነበር፤ የታመመው ቀኜ ነው። ሳላስተውል ሦስት ቀን በግራ ተገላበጥኩ፤ ያገኘሁት ማስመለስ ብቻ ነው። ጠጠሩ የገባበት ቦይም ይለያያል፤ ኤፕሊ ለኋለኛው ቦይ እንጂ ለአግድሙ አይሆንም።

ሐኪሟ ያደረገችው ቀላል ነበር። ጭንቅላቴን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙራ በፍጥነት አስተኛችኝና «ዓይንዎን አይጨፍኑ» አለች። ጥቂት ሴኮንድ ዝም፤ ከዚያ ክፍሉ ዞረ፤ እሷ ግን የምታየው ሳይታዘዝ የሚርገበገበውን ዓይኔን ነበር። ዲክስና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቁት ይህ ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም፤ አልጋና የሚያይ ሰው ይበቃዋል። የአንገት አጥንት ችግር ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር።

ትንንሾቹ

ጆሮን በጥጥ እንጨት መጎርጎር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የተገፋ ኩክ ደግሞ ራሱ ጆሮ ያስጮኻል። ጨው፣ ቡናና ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መተውም አይረባም፤ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም፤ ቡና ድንገት ማቆም ደግሞ ራስ ያሳምማል። ዙረቱ እየመጣ ሳለ መኪና መንዳትና መሰላል መውጣት ግን ይቅርብዎ።

«ኤም አር አዩ ንጹሕ ነው» ሲባል «ታዲያ አብጃለሁ» ማለት

ጠጠሮቹ በኤም አር አይ አይታዩም። የማይግሬኑም ዙረት ፎቶ አይነሣም። ንጹሕ ፊልም ማለት አስፈሪዎቹ አልተገኙም ማለት እንጂ «የሚሰማህ ውሸት ነው» ማለት አይደለም።

ደግሞም ፍርሃት ራሱ ያዞራል። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያ ራስን ያቀልላል፣ ጣትን ይነዝራል፤ ያንን ሲሰማ ይበልጥ ይፈራል። ከእውነተኛ የጆሮ ሕመም በኋላ ይህ አዙሪት ሥር ሰዶ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ፣ በተለይ ሲቆሙና ሰው የበዛበት ቦታ ሲገቡ፣ የሚያወዛውዝ ስሜት ይሆንና ይቀራል። ሐኪሞች ስም የሰጡት የታወቀ ችግር ነው፤ በሚዛን ልምምድ፣ በንግግር ሕክምና፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ይታከማል። «ጭንቀት ነው» ብሎ የላከዎት ሰው እንዴት እንደሚታከም ካልነገረዎት ተመልሰው ይጠይቁት።

ጭውታዬ አሁንም አለ፤ ይህን ስጽፍ ስላነሣሁት ነው የሰማሁት። ዙረቱም ከዓመት በኋላ አንድ ሌሊት ተመልሶ መጣ፤ ጠጠሮቹ እንደሚመለሱ ተነግሮኝ ነበር። ፍራሹን ጨብጬ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ሴኮንድ። በቀኝ። ሲነጋ ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ።