ወጣት ሚሲዮናዊ ለበዓል ቤታችሁ ሲያርፍ

ቤተ ክርስቲያናችሁ «ከውጭ የሚመጣ ወጣት ሚሲዮናዊ ተቀበሉልን» ካለቻችሁ መጀመሪያ ካላንደሩን አውጡ። አልጋውና ብርድ ልብሱ ይደርሳል። ልጁ በኅዳርና በጥር መካከል የሚመጣ ከሆነ በዓል በበዓል ላይ ይደራረብበታል። ብዙ ነገር የሚበላሽበትም ያኔ ነው።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ በኩል ነው። ቤቴ ያረፈው ልጅ ከኖርዌይ የመጣ ነበር። ቅን ልጅ ነው፤ እጁም ለመስጠት አይሰንፍም። የደረሰበትን የምጽፈው የእናንተው እንግዳ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ቀኖቹን በወረቀት ጻፉለትና ከአልጋው አጠገብ ለጥፉለት። ኖርዌጂያኖች ዋናውን ገና የሚያከብሩት በእነሱ ዲሴምበር 24 ማታ ነው። ይህ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 15 ይውላል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 28። በመሀል ያሉት ሁለት ሳምንታት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጾም ናቸው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። እኛ ጴንጤዎች ያን ጾም ስለማንጾም ለእንግዳው መንገር ትዝ አይለንም። ልጁ በእነሱ ገና ማግስት ገበያ ወርዶ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛ። በባጃጅ ይዞ መጣና ለጎረቤቴ «መልካም ገና» ብሎ ሰጣት። እሷ ከጾመኛም ጾመኛ ናት። በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀችውና ዶሮውን እስከ ገና ጥሬ እየበተነች አቆየችው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ግን ሁሉም አያገኝም። ልጁ ስጦታ መስጠት ከፈለገ በጾም ቡና ይግዛ። ቡና ሁልጊዜ ያስከብራል።

ሰዓትንም ሁለቴ ጻፉ፤ በእኛም በእነሱም። «7 ሰዓት ለምሳ ና» የተባለ የውጭ ልጅ ማለዳ በር ሊያንኳኳ ይችላል። የእኛው ልጅ አንኳኩቷል። የቤቱ እመቤት ገና ሽንኩርት አልላጠችም።

የገና ቀን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ልጁ ዶሮ ወጡን ወደደውና በሳህን ሞልቶ ግቢያችን ውስጥ ላሉት ሙስሊም ቤተሰብ ሊያደርስ ተነሳ። በሩ ላይ ደርሼ መለስኩት። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ ማንም አልነገረውም። ከየት ይወቀው? እኛ ከልጅነታችን ስለምናውቀው የሚነገር ነገር አይመስለንም። ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ፈንዲሻና ቡና ይዞ ቢሄድ ግን ደስታውን ይጋሩታል። አቅም ያለው ደግሞ በግ ገዝቶ ራሳቸው እንዲያርዱ ይጋብዛቸዋል። በኢድ ጊዜ እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ነው። ያን ቀን ሐዋሳ ትጥለቀለቃለች። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ይመጣል፣ ሆቴል አይገኝም፣ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በነጠላ ነጭ ይሆናል። ልጁ ያን ሕዝብ አየና ልቡ ተነሳ። ቦርሳውን በትራክት (በወንጌል በራሪ ወረቀት) ሞልቶ ወጣ። ሰው መሀል ገብቶ ማደል ሲጀምር ወጣቶች ከበቡት። ያወጡት ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ናቸው። እጁን ይዘው ዳር አወጡት፣ ባጃጅ አስቁመው ወደ ቤት ላኩት።

በዚህ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ምስክርነትም ውድ ነገር ነው። በሰው ንግሥ በዓል ላይ ግን ትራክት አይታደልም። ያ ሕዝብ ስለቱን ሊያገባ፣ ሊጸልይ፣ ሊያመሰግን ነው የመጣው። ጎረቤትህ ሲጸልይ አይረበሽም። ልጁ ነገ አገሩ ይገባል፤ በክፉ የምንታይ እዚሁ የምንቀረው ነን። ስለዚህ ትራክቱ ያን ቀን ቤት ይቅር። ልጁ ማየት ከፈለገ አብራችሁት ሂዱ። ረጅም ሱሪ ይልበስ፣ ታቦት ሲያልፍ ቆም ይበል፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከገባ ጫማውን ያውልቅ። ከቀናት በፊት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት እንጂ ጠዋት በር ላይ አይሆንም።

ስለ ሆድ አጭር ላድርገው። በገና ቀን እንግዳ ብዙ ቤት ይዞራል፣ በየቤቱም «በሞቴ» አለ፣ ጉርሻ አለ። መጀመሪያው ቤት ጥቂት ይብላ። እናንተም ለየባለቤቶቹ ቀድማችሁ ደውሉና «ልጁን አታስጨንቁት» በሉ፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ንቀት የሚመስለው ከእናንተ ሲመጣ ይሰማል። ጥሬ ሥጋ ይቅርበት፤ ኮሶ ያስይዛል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሲወስዱት ጥሬ ዓሣውን በዳጣ ከመብላት የተጠበሰውንና ሾርባውን ይምረጥ። ካስቀመጠው ከፋርማሲ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ግዙ፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡ። ደም ካየ ወይም ትኩሳት ካለው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ልጁ የሚቆየው ረጅም ጊዜ ከሆነ ፍቼ ጫምባላላን ያገኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መዝግቦታል። ቀኑን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አዋቂዎች ስለሆኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። በዚያ በዓል ከብት አይታረድም። ቡርሳሜ ሲቀርብለት «ሥጋውስ?» እንዳይል ንገሩት። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የክብር ምግብ ነው።

የመጨረሻው የታኅሣሥ 15 ማታ ነው። ለእኛ ተራ ማታ ነው፤ ለእሱ ግን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያሳልፈው የመጀመሪያው ገና ሊሆን ይችላል። ብዙ ተቀባይ ቤተሰብ ይህን ይረሳል፣ ልጁም አይናገርም። ምን እንደሚያደርጉ ቀደም ብላችሁ ጠይቁት። ኖርዌጂያኖች የገና ዛፉን እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ ይዘምራሉ። የሩዝ ገንፎ ውስጥ አንድ አልመንድ (የፈረንጅ ለውዝ) ይደብቃሉ፤ ያገኘው ይሸለማል። ሩዝ፣ ወተትና ስኳር በየሱቁ አለ። በአልመንዱ ፋንታ የተላጠ ኦቾሎኒ ይሆናል። ሽልማቱን ልጆቻችሁ ይምረጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩን ከቀትር በፊት ቻርጅ ያድርግ፣ የኢንተርኔት ጥቅልም ግዙለት። በገና ሰሞን ኖርዌይ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናት። እኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስንሆን እነሱ ጋ በእኛ አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት (በእነሱ 6 ሰዓት) ነው፤ ቤተሰቡ ማዕድ የሚቀርበው በዚያው አካባቢ ነው። ያኔ ይደውል፤ እናንተም ገብታችሁ እናቱን ሰላም በሏት።