የዳሰሳ አሞሌ ከላይ እንዲቆይ ሲደረግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገጹ ወደ ታች ሲንሸራተት የዳሰሳ አሞሌው (ወደ ድረ ገጹ ክፍሎች የሚወስዱ ሊንኮች የሚደረደሩበት ክፍል) ከዓይን እንዳይጠፋ ለማድረግ፣ የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ በሲኤስኤስ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የመጀመሪያው ስህተትም ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር ነው። «ፊክስድ» የተደረገ አሞሌ ከገጹ ፍሰት ስለሚወጣ ሌላው ይዘት ወደ ላይ ተስቦ ከጀርባው ይደበቃል፤ በዚህ ጊዜ በአሞሌው ቁመት ልክ ፓዲንግ (ባዶ ቦታ) መተው ግድ ነው። «ስቲኪ» ግን ቦታውን ሳይለቅ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብቻ ይጣበቃል። የተለየ ምክንያት ከሌለ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ስቲኪ እምቢ ሲል ወደ ጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መሮጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ይመስለኛል፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ አሞሌውን በያዙት ኤለመንቶች (የገጹ ክፍሎች) ላይ ነውና። አስቀድሞ «ቶፕ» ዋጋ (አሞሌው ከላይኛው ጠርዝ ምን ያህል ርቆ እንደሚጣበቅ የሚወስነው)፣ ዜሮም ቢሆን፣ መሰጠቱ ይረጋገጥ፤ ያለ እርሱ አሞሌው አይጣበቅም። ቀጥሎ አሞሌውን ከያዙት ኤለመንቶች አንዱ «ኦቨርፍሎው ሂደን» (የተረፈው ይዘት ይደበቅ) ወይም «አውቶ» (ሲተርፍ ይንሸራተት) ከተባለ፣ አሞሌው ከመስኮቱ ይልቅ ከዚያ ኤለመንት ጋር ስለሚታሰር ከገጹ ጋር አብሮ ያልፋል። ወደ ጎን የሚተርፈውን ይዘት ለመደበቅ ተብላ የተጻፈች አንዲት መስመር ይህን ታደርጋለች፤ በምትኳ «ክሊፕ» ቢጻፍ ችግሩ ይወገዳል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ስቲኪ ከወላጁ (በቀጥታ ከያዘው ኤለመንት) ወሰን ስለማይወጣ፣ በቁመት ከእርሱ ጋር እኩል በሆነ ሄደር (የገጹ ራስጌ) ውስጥ የታሸገ አሞሌ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ሄደሩን ራሱን ስቲኪ ማድረግ ይበጃል።

ኤለመንቶች ሲደራረቡ የትኛው ከላይ እንደሚታይ የሚወስነውን ዚ-ኢንዴክስን 9999 ማድረግም ልማድ ሆኗል፤ ወላጁ የራሱን የመደራረብ ቅደም ተከተል ከፈጠረ ግን ቁጥሩ ከዚያ ወሰን ውጭ አይሠራም።

በገጹ ውስጥ ወዳለ ንዑስ ርዕስ የሚወስድ ሊንክ ሲነካ ርዕሱ ከአሞሌው ስር እንዳይገባ፣ መላውን ገጽ ለሚይዘው የኤችቲኤምኤል ኤለመንት «ስክሮል-ፓዲንግ-ቶፕ» በአሞሌው ቁመት ልክ ይሰጠው። ይህ በታብ ቁልፍ ገጹን ለሚዳስሱም ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ 2.2 ትኩረት ያረፈበት ኤለመንት ሙሉ በሙሉ እንዳይሸፈን ይጠይቃል።

በመጨረሻም የአሞሌው ቁመት ይታሰብበት። 1024 ፒክስል ቁመት ያለው መስኮት በ400 በመቶ ሲጎላ የሚቀረው 256 ፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ 80 ፒክስል የሚይዝ አሞሌ ሲሶ የሚሆነውን ይወስዳል፤ ወደ ጎን በተጋደመ ስልክም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ስቲኪን፣ የመስኮቱ ቁመት በቂ ሲሆን ብቻ በሚሠራ ሚዲያ ኩዌሪ (በሲኤስኤስ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጫ) ውስጥ መጻፍ ይሻላል።