የሞተን ዲስክ አትነካኩ፦ የበጎ ፈቃድ ሰርቨርን ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ መንዙማን፣ የአዛውንቶችን ትዝታና የድሮ ፎቶግራፎችን እየሰበሰቡ ለሕዝብ በነጻ የሚያደርሱ ወጣቶች አሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ሰርቨራቸው ያገለገለ ኮምፒውተር ነው፤ የሚጠግኑትም ከሥራና ከትምህርት በተረፈቻቸው ሰዓት ነው። ዲስክ ሲበላሽባቸው ከሚጠሩኝ መካከል አንዱ በመሆኔ አንድ ዓይነት ጥፋት ደጋግሞ ሲፈጸም አይቻለሁ። ዲስኩ የሚወስደው መረጃ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የቀረውን የሚያጠፋው በቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓታት በቅን ልብ የሚደረገው ጥድፊያ ነው።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ የታመመውን ዲስክ እዚያው በላዩ ላይ ለመጠገን መሞከር ነው። ሰርቨሩ አልነሳ ሲል አንዱ ደጋግሞ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፤ ሌላው ኤፍኤስሲኬ የተባለውን የፋይል ሥርዓት መጠገኛ ያስነሳና ለሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ «አዎ» ይላል። ያ መሣሪያ የተሠራው አካሉ ጤነኛ በሆነ ዲስክ ላይ የተዛባውን መዝገብ ለማስተካከል ነው። ዲስኩ ራሱ ሲታመም ግን ማንበብ ያቃተውን ክፍል እንደ ጠፋ ቆጥሮ ማውጫውን ይቆርጠዋል፣ በላዩም ላይ ይጽፋል። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሌሊት ደውሎ «ጋሼ፣ ልጠግነው ብዬ ባሰበት» ያለኝን አልረሳውም። ስደርስ ብዙዎቹ የድምፅ ፋይሎች ቤት አልባ ፋይሎች በሚጠራቀሙበት አቃፊ ውስጥ ከነስማቸው ሳይሆን በቁጥር ብቻ ተከማችተው አገኘናቸው። መንዙማው አለ፤ ማን እንዳለው፣ በየትኛው መንደር እንደተቀዳ፣ ማን እንደቀዳው የሚነግረን ግን አልነበረም። ድምፅ ለይተው እንዲነግሩን ከአንድ ሸህ ጋር ለሳምንታት ተቀምጠን እያንዳንዱን አሰማናቸው፤ ለይተው ያልጨረሱት ብዙ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉን አጥፉት፤ ዲስኩንም አውጡት። በሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ፣ መጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ ጤነኛ ዲስክ አዘጋጅታችሁ፣ ዲዲሬስኪው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ውሰዱ። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፤ ያስቸገረውን ዘሎ መጨረሻ ላይ ይመለስበታል፤ የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በየጊዜው ለሚቋረጥብን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤፍኤስሲኬም ሆነ ሌላ ሙከራ የሚደረገው በቅጂው ላይ፣ ከተቻለም በቅጂው ቅጂ ላይ ነው። ዲስኩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ይህንንም አትሞክሩ፤ የማንበቢያው ጭንቅላት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ባበራችሁት ቁጥር መረጃው የተጻፈበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል። ክዳኑን መክፈትም ሆነ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የባሰ ጉዳት ነው፤ የቀዘቀዘ ብረት ሲወጣ እርጥበት ይይዛል።

ምንጭንና መድረሻን ማቀያየር እኔ ራሴ የሠራሁት ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ገልብጬ የአንዲት እናትን የልጆቿን ፎቶግራፎች አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ብጠይቃቸውም የጠፋው አልተመለሰም። ሰርቨሮቹ የሚሠሩበት ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ለዲስኮች የሚሰጣቸው ስም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፌ እለጥፍበታለሁ፤ ትእዛዙንም ከመጫኔ በፊት ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ እንዲያነበው አደርጋለሁ።

ሬይድ፣ ማለትም ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው የሚያደርግ አሠራር፣ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በአንዱ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛል።

ቅጂ አለን ብሎ መተማመንም ሌላው ነው። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጥር 2009 ዓ.ም. አንድ ባለሙያው የዋናውን ዳታቤዝ ማውጫ በስህተት ሲሰርዝ፣ ከነበሩት የመጠባበቂያ መንገዶች አብዛኞቹ እንዳልሠሩ የታወቀው ያን ዕለት ነው፤ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ የሶፍትዌር ስሪት ባለመጣጣሙ ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቶ ነበር። የዳኑት በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በተወሰደ ቅጂ ነው። ደመወዝተኛ ባለሙያ ባለበት ቤት ይህ ከደረሰ እኛ በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንኳ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ ሳንሞክር መቀመጥ አይገባንም።

የእኛው ሰዓት አቆጣጠርም ያሳስታል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ቅጂው «ሌሊት 8 ሰዓት» እንዲወሰድ ፈልጋ በጊዜ ማስያዣው ላይ 8 ብላ ጻፈች፤ ማሽኑም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ፋይል በሚጭንበት ጊዜ፣ ሲሠራ ከረመ። መጻፍ የነበረባት 2 ነበር።

ዳታቤዙን ስትመልሱ ለፊደላችን ተጠንቀቁ። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከስሪት 8.0 በፊት መነሻ የፊደል አቀማመጡ ላቲን ስለነበረ፣ በድሮው ማሽን ላይ በእጅ የተስተካከለው ቅንብር በአዲሱ ላይ ከተዘነጋ ግዕዙ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ ከሥር ያለው መረጃ አልጠፋም። በዳታቤዙ ውስጥ ራሱ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ከተጻፈ ግን አይመለስም። በሙከራ ዳታቤዝ ላይ ጭናችሁ፣ ጥቂት መዝገቦችን በዓይናችሁ አንብባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው እለፉ።

የይለፍ ቃሉና የምስጢር ቁልፉ በአንድ ሰው ስልክ ብቻ መኖሩ አደጋ እንደሆነ ደግሜ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ያ ሰው ለሥራ ዐረብ አገር ሄዶ ሲም ካርዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አይተናል። ቅጂውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማስቀመጥም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ዋጋ አስከፍሏል። አንዱ ቅጂ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ በአንድ አባል ቤት በውጫዊ ዲስክ ይቀመጥ፤ በመኪና ቢበዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ሰርቨሩ ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለማንበብ ብቻ ክፈቱት፤ እስከ የትኛው ቀን ያለው እንደተመለሰና ምን እንደጎደለም ለሰዉ በግልጽ ንገሩ። ብዙ ጊዜ ከአባላት አንዱ የጎደለውን ፋይል በስልኩ ወይም በፍላሹ ላይ ይዞት ይገኛል። የሞተውንም ዲስክ ቀን ጽፋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት እንጂ አትጣሉት፤ ከወራት በኋላ የጎደለ ነገር ሲታወቅ የምንመለሰው ወደ እሱ ነው።