ጣሪያው የት ሄደ? የፋሲል ግቢን በስልክና በፕሮጀክተር ለማስተማር

የጎንደር ተማሪ የፋሲል ግቢን አጥር ታክኮ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ታሪክ ክፍል ሲገባ ግን የሚጠብቀው የነገሥታት ስምና ዓመት ነው። አንድ ስልክና አንድ ፕሮጀክተር ይህን ሊያቃኑ ይችላሉ፣ ምስል ካልበዛ። ለ40 ደቂቃ ሦስት ፎቶ ይበቃል። ሃያ ስላይድ ሲግተለተል ተማሪው ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበረበት ዘመን ወይ ያያል ወይ ይጽፋል፤ ሁለቱም አይሆንለትም።

በግቢው ውስጥ ያለውን የቀዳማዊ ኢያሱን ቤተ መንግሥት እንውሰድ። አንዱን ፎቶ ሕንፃውን በሙሉ ከሩቅ፣ ሁለተኛውን ጣሪያ አልባውን አዳራሽ ከውስጥ ወደ ላይ፣ ሦስተኛውን የግድግዳውን ድንጋይና ኖራ ከግማሽ ሜትር ርቀት አንሱ። ስልኩን አግድም ያዙ። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብታነሱ ጎን ለጎን የሚመጣው ብርሃን የድንጋዩን ቅርጽ ያወጣዋል፤ ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ልሙጥ ይመስላል። ፎቶውን ወደ ላፕቶፕ በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ ሲጎላም ይደበዝዛል።

ክፍል ውስጥ በሁለተኛው ፎቶ ጀምሩ፤ ርዕስ አትጻፉበት። ተማሪዎች ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው በአንድ በኩል «የማየው»፣ በሌላው «የምገምተው» ብለው ለ3 ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ። ዝምታው ይረዝምባችሁ ይሆናል፣ ግን አትስበሩት። ከዚያ «ጣሪያው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አርጅቶ ነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1704 የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥና እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያኖችን ሲወጉ የጣሉትን ቦምብ ያን ጊዜ ንገሯቸው። «ጣሊያን እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቹ ከመጣ ትምህርቱ ተሳክቷል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የዓመት ቆጠራው ነው። ከኢንተርኔት የሚገኘው ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ይጋጫል፤ ጎንደር የተቆረቆረችበትን 1636 እ.ኤ.አ. እና 1628 ዓ.ም. ተማሪው የሁለት ከተሞች መቆርቆሪያ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ። ሁልጊዜ 8 መቀነስም ያሳስታል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ሲሆን ይህም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ 8 የቀነሰ ሰው 1933 ላይ ይደርሳል።

የአማርኛ ፊደሉ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ሳጥን ወይም ወደ ዝብርቅርቅ ምልክት ከተለወጠ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት እዚያ የለም ማለት ነው። በዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ጻፉና ስላይዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ። ግድግዳው ዘይት ቀለም ከተቀባ ስለሚያንጸባርቅ ነጭ አቡጀዲ ወጥራችሁ ስቀሉበት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ቢሠራም ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስቱን ፎቶዎች አስቀድማችሁ አሳትሙ፤ 60 ተማሪ ላለበት ክፍል ለስድስት ስድስት ልጆች አንድ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ 10 ቅጂ ይበቃል። በጥቁርና ነጭ ሲታተም የአዳራሹ ውስጥ ፎቶ ስለሚጠቁር ብርሃኑን መጀመሪያ ስልኩ ላይ ከፍ አድርጉትና አንድ ቅጂ ብቻ አሳትማችሁ እዩት።