የመስከረምን የትምህርት ወጪ ከጥር መጀመር

የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ ባይጠይቅም ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ በነፃ አይገኙም። ለገበሬ ቤተሰብ ዋናው ችግር ወቅቱ ነው። እህል የሚሸጠው በበጋ፣ ምዝገባው የሚመጣው ግን ጎተራ በሚጎድልበት የክረምት መጨረሻ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር በአቅራቢያው ከሌለ በግ ይሸጣል፤ በግ ከሌለ ልጅ ከትምህርት ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም ሴቷ ትቀድማለች። ይህ ያሳዝናል፤ መከላከል ይቻላልና።

እህሉ እንደተሸጠ የሁሉንም ልጆች ወጪ ደምሩ። ለምሳሌ 4,000 ብር ቢሆን ከጥር እስከ ነሐሴ ላሉት 8 ወራት ሲካፈል በወር 500 ብር ይደርሳል። ቤት አታስቀምጡት፤ በማኅበሩ ደብተር ይመዝገብ። ዕቁብ ከመረጣችሁ ደግሞ የነሐሴው ዕጣ የእናንተ እንዲሆን ገና ሲጀመር ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተስማሙ። በግንቦት የወጣ ዕጣ ለማዳበሪያና ለዘር ያልቃል።

ብድር የግድ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። 4,000 ብር በ18 በመቶ ለ12 ወር ተበድራችሁ ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ 720 ብር ትከፍላላችሁ። ዋናውን በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 390 ብር ነው። የወር ገቢ ከሌላችሁ አከፋፈሉ ከመኸር በኋላ እንዲሆን ጠይቁና ውሉ ላይ አስጽፉ።