ከግሸን ወደ ጊሰን፦ የአንድ ሴሚስተር የውጭ ትምህርት ዝግጅትና ወጪ

የመቀበያ ደብዳቤዬን ለእማዬ ሳነብላት ጆሮዋ የያዘው የከተማውን ስም ብቻ ነው። ጊሰን። «ግሸን?» አለች። ጀርመን አገር ነው፣ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፣ የተማሪ ከተማ ነው ብላት ማን ሰምቶ! ጭራሽ ሴሚስተሩ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው ስላት በጣቷ ቆጠረችና መስከረም 21 ላይ ቆመች። የግሸን ማርያም ዕለት። «በቃ፣ እሷ ናት የጠራችሽ» ብላ ቡናውን አቀራረበች። አባዬ ሙስሊም ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ «አሚን» አለ። ወሎ ነው እንግዲህ።

የሄድኩት ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ስኮላርሺፕ ነው። በ2017 ዓ.ም.፣ ለአምስት ወር። ከተመለስኩ ወዲህ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ብር ይበቃል?» እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ስኮላርሺፑ እጅሽ እስኪገባ ስንት ቀን በራስሽ ትቆሚያለሽ?» ብዬ ነው። የእኔ 40 ቀን ነበር። መስከረም 19 ገባሁ፣ የመጀመሪያው ክፍያ አካውንቴ ላይ የታየው ጥቅምት 29 ነው። በወር 850 ዩሮ የተፈቀደልኝ ሰው ነኝ፤ በእነዚያ 40 ቀናት ግን የሱፐርማርኬት ዳቦ በሳንቲም ሳወዳድር ነው የከረምኩት።

ለምን እንደሚዘገይ ላስረዳ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡን የሚልኩት እዚያው በምትከፍቱት የባንክ አካውንት ነው። አካውንት ለመክፈት አድራሻችሁን በከተማው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለባችሁ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል፣ በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ መፈጸም ያለበት ነው። ለዚያ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አከራዩ ቁልፍም ወረቀትም የሚሰጣችሁ የቤት ማስያዣ ከከፈላችሁ በኋላ ነው። ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ለመቀበል መጀመሪያ ገንዘብ መክፈል አለ።

የመጀመሪያው ወር ወጪዬ ይህን ይመስል ነበር፦ የክፍል ማስያዣ 400 ዩሮ፣ የወሩ ኪራይ 290፣ የዩኒቨርሲቲው የሴሚስተር መዋጮ 300 ገደማ፣ የጤና መድን 125፣ ድስት፣ ብርድ ልብስና ምግብ ተደምሮ 180። ወደ 1,300 ዩሮ ማለት ነው። መዋጮው ብዙ ይመስላል፤ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትን ስለሚጨምር ቆጭቶኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ብር እንምጣ፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሰኔ 2016 ላይ ወጪዬን በሙሉ በብር አሰላሁ። የአባዬ እቁብ ወጥቶለት 120,000 ብር ነበረን። በወቅቱ ዩሮ በባንክ 62 ብር ገደማ ነበርና 1,900 ዩሮ ይሆናል ብለን ተኛን። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። መስከረም ላይ ያው 120,000 ብር አንድ ሺህ ዩሮ መሙላት አቃተው። አባዬ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ደመረና ዘጋው። «አብሽሪ» አለኝ፤ ድምፁ ግን አብሽሪ አይልም ነበር።

ስለዚህ ደብተራችሁን በዩሮ ያዙ። በብር የምታሰሉት አገር ውስጥ የሚወጣውን ብቻ ይሁን። ባንክ ዩሮ የሚሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስታሳዩ ስለሆነ ቪዛው በወጣ ማግስት ሂዱ፤ አካውንት ካላችሁበት ቅርንጫፍ ጀምሩ። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉት፣ ኤርፖርት ትጠየቁበታላችሁ።

የጎደለኝን የሞሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ጅዳ ያለችው አክስቴ 150 ዩሮ የሚሆን ላከችልኝ። ወሎ ውስጥ አረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ መጠየቅ አያሳፍርም። ሁለተኛው ከአክስቴም በላይ ጠቅሞኛል፦ ከመሄዴ ከአንድ ወር በፊት ለተማሪ መኖሪያው ቢሮ ኢሜይል ጽፌ፣ ማስያዣውን በሁለት ከፍዬ ብከፍልስ ብዬ ጠየቅሁ። «ይቻላል» አሉ። በአንድ መስመር ኢሜይል 200 ዩሮ ወደ ኅዳር ተሻገረልኝ። እኛ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ እንፈራለን። ጠይቁ።

ስኮላርሺፕ የሌላችሁ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። ጀርመን በወር 992 ዩሮ የሚሰላ ገንዘብ በዝግ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚለቀቅበት) እንድታስቀምጡ ትጠይቃለች፤ ለስድስት ወር 5,952 ዩሮ ይሆናል። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፣ እውነት ነው። ጀርመንኛ ሳትችሉ፣ ለአምስት ወር ብቻ ሄዳችሁ ግን ያንን በገቢ በኩል አትጻፉት።

አገር ውስጥ የሚወጣው ብር በዋናነት መንገድ ነው። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ለሰነድ ማረጋገጥ፣ ለኤምባሲ ቀጠሮና ቪዛ ለመውሰድ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በእኔ ጊዜ አንዱ ዙር ከነአልጋው 4,000 ብር ይፈጅ ነበር፣ በአራት 16,000። ለረጅም ጊዜ ቪዛ 75 ዩሮ ይከፈላል፤ ስኮላርሺፑ የሚሸፈነው ከሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ሊቀርላችሁ ስለሚችል ለመክፈል አትቸኩሉ። የኤምባሲ ቀጠሮ ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ካለ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ትስቁ ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ የመጣ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ያመላለሰኝ ስሜ ነው። ይመር የሚለው የአባቴ ስም በትራንስክሪፕቴ ላይ ከዋይ ቀጥሎ በአይ ተጽፏል፣ በፓስፖርቴ ላይ ደግሞ በኢ። አንድ ፊደል! ይህች ፊደል ሁለት ዙር መንገድ፣ ማለትም 8,000 ብር በላች። ወሎ ውስጥ ይመር፣ ሰይድ፣ እንድሪስ የሚባል አባት ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ይያቸው። የሚታረም ካለ ከፓስፖርት ማመልከቻ በፊት ይታረም። ሌላም አለ፦ እዚያ የቤተሰብ ስም የሚሆነው ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያት ስም ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ውስጥ «ፍራው (ወይዘሮ) አሊ» እያሉ ሲጣሩ ሌላ ሰው መስሎኝ ተራዬ አልፏል።

እዚህ ያለውን ትምህርታችሁንም አስተካክላችሁ ውጡ። ለአንድ ሴሚስተር መሄዳችሁን ሬጅስትራር ዘንድ በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ የተፈረመበትን ቅጂ ያዙ። የምትወስዷቸው ኮርሶች ስትመለሱ የሚያዙላችሁ በቅድሚያ በሦስታችሁ፣ በእናንተና በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተፈረመው የትምህርት ስምምነት ነው። አንድ ጓደኛዬ በቃል «ሂድ፣ ችግር የለም» ተብሎ ሄዶ ሲመለስ ትምህርት ያቋረጠ ተብሎ ጠበቀው። ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና መስጠትም አይክፋችሁ።

ሻንጣው ላይ ከእማዬ ጋር ተጣላን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ቆሎ ምንም አይልም። እሷ ግን ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅታለች። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ቅቤም ተዋጽኦ ነው። «ያለ ቅቤ ምን ልትበዪ ነው?» አለች። አስረድቼ ጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ሻንጣውን ስከፍት ቅቤው በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ ጫማዬ ውስጥ ተቀምጧል። አወጣሁት። ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ከሚወረስ ደሴ ቢበላ ይሻላል። ወፍራም ካፖርት ከዚህ አትግዙ፤ እዚያ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፣ የእኔን በ15 ዩሮ ነው የገዛሁት። የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ሰው እስከ ኅዳር በጋቢና በሹራብ ይገፋዋል። ጥርና የካቲት ግን ሌላ ነገር ነው።

የጉዞ ቀን ስትመርጡ ሁለት ካሌንደር ግለጡ። በመስከረም 21 ሰሞን ደሴ በግሸን ተጓዥ ትሞላለች፣ መኪና መያዝ ፈተና ነው፤ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋልና ሦስት አራት ቀን ትርፍ ያዙ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን እንዳለም አትርሱ። እኔ ይህን አስቤ ቀደም ብዬ ወጣሁ፣ ግን ጊሰን የደረስኩት እሑድ ነው። ጀርመን እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቁልፍ የሚሰጠው ቢሮም ዝግ ነው። ለአንድ ሌሊት ሆቴል 70 ዩሮ። በዚያው ሳምንት ኦክቶበር 3 ብሔራዊ በዓላቸው ነውና ቢሮ እንደገና ተዘጋ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ግቡ።

የእኔ ወርሃዊ ወጪ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ኪራይ 290፣ መድን 125፣ ምግብ 190፣ ስልክ 10፣ ልብስ ማጠቢያና ልዩ ልዩ 60። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚባል አለ፣ ቴሌቪዥን ኖራችሁም አልኖራችሁ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ማጭበርበር መስሎኝ ጥዬው ነበር፤ ኋላ ከሁለት የቤት ጓደኞቼ ጋር ለሦስት ተካፈልነው። ከ850ው ወደ 170 ዩሮ ይተርፈኝ ነበር። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፣ ሱፐርማርኬት ሲመለስ 25 ሳንቲም አለው።

ልትመለሱ ስትሉ የአድራሻ ምዝገባውን ሰርዙ፣ መድኑንና የሬዲዮ ክፍያውን በጽሑፍ አቁሙ። የባንክ አካውንቱን ግን አትዝጉት። የክፍሉ ማስያዣ የሚመለሰው ክፍሉን ካስረከባችሁ ከወራት በኋላ ነው፤ የእኔ 400 ዩሮ የገባው እኔ ደሴ ከተመለስኩ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ነው። ግማሹ ለአባዬ እቁብ ሄደ።