ቱርቦ ሞተር ላይ የማፍጠኛ ነዳጅ ስታስተካክሉ የምትጠነቀቋቸው ስህተቶች

ነዳጅ መርገጫውን ድንገት ስትረግጡት አየሩ ወዲያው ይገባል። ኢንጀክተሩ ከረጨው ቤንዚን ግን የተወሰነው ማስገቢያ ቱቦው ግድግዳና ቫልቩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያንን ጉድለት ለመሙላት የሞተሩ ኮምፒውተር ለአፍታ ጭማሪ ቤንዚን ይረጫል። የማፍጠኛ ነዳጅ የምንለው ይህን ነው። የአፍታ ሥራ መሆኑን የረሳ ሰው የሌላ ዕቃ ጥፋት ሁሉ በእሱ ሊሸፍን ይሞክራል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ዋናው የነዳጅ ሠንጠረዥ ሳይስተካከል ማፍጠኛውን መነካካት

ሠንጠረዡ በየዙሩና በየግፊቱ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ነው። መኪናው ሲረገጥ ደንገጥ ካለ ብዙዎች ቀጥታ ማፍጠኛው ላይ ቤንዚን ይጨምራሉ። መጀመሪያ የማፍጠኛውን ጭማሪ ዜሮ አድርጉና መርገጫውን ቀስ እያላችሁ ጫኑት። ቀስ ብሎ ሲጫንም ድብልቁ የሚሳሳ (ቤንዚኑ ለአየሩ የሚያንስ) ከሆነ ጥፋቱ የሠንጠረዡ ነው። ወይም ደግሞ ወደ ነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ ይሆናል፤ እሷ ከተሰነጠቀች ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ሲገፋ የነዳጁ ግፊት አብሮ አይጨምርም። ይህን ሁሉ ስትፈትሹ ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ ንባብ ራሱን እንዳያርም ማረሚያውን አጥፉት፤ አለዚያ እናንተ የጨመራችሁትን እሱ ይቀንሰዋል።

የቱርቦውን ግፊት እንደ እግር ርግጫ መቁጠር

ቱርቦ ሞተር ላይ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ በ3ኛ ማርሽ፣ በ2500 ዙር እየሄዳችሁ ነው እንበል፤ ረገጣችሁት። የማስገቢያው ግፊት ከ40 ኪሎፓስካል ተነስቶ ወዲያው 75 ገደማ ይደርሳል። ይህ የውጭው አየር ግፊት ነው። እግራችሁ እዚያው ቆሟል። ቱርቦው ግን ገና መዞር እየጀመረ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግፊቱን ከ75 ወደ 140 ይወስደዋል። ኮምፒውተሩ መፍጠናችሁን የሚያውቀው ከግፊቱ ለውጥ ከሆነ ይህን ሁለተኛ ጭማሪ አዲስ ርግጫ አድርጎ ይቆጥረውና እንደገና ቤንዚን ይጨምራል። ለዚያ ግፊት የሚያስፈልገውን ቤንዚን ደግሞ ዋናው ሠንጠረዥ ቀድሞ ሰጥቶታል። መኪናው ልክ መሳብ ሲጀምር ይታነቃል፤ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል።

መፍትሔው ክብደቱን ለመርገጫው እንቅስቃሴ መስጠት ነው። ግፊቱንም መጠቀም ግድ ከሆነ በላፕቶፑ የተቀዳውን የሞተሩን መረጃ ክፈቱና ቱርቦው ግፊቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያወጣ እዩ፤ መነሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለውጡን ርግጫ ብሎ መቁጠር የሚጀምርበትን ፍጥነት፣ ከዚያ በላይ አድርጉት።

የድብልቅ ሴንሰሩን ቃል በቃል ማመን

ጭሱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ፣ ቱርቦውን አልፎ ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ድብልቁን የሚያነበው) ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የአሁኑን ሳይሆን ትንሽ ቀደም ያለውን ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚዘነጋው ሌላው ነው፦ ቤንዚን ከመጠን በላይ በዝቶ ሳይቀጣጠል ሲቀር ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩ ጋ ይደርስና ድብልቁ ሳሳ ብሎ ያነባል። እናንተ ይህን አይታችሁ ትጨምራላችሁ፤ ሞተሩ ይብሳል፤ ደግማችሁ ትጨምራላችሁ። ከተጠራጠራችሁ ጭማሪውን 10 በመቶ ቀንሱና ሞክሩ። ከተሻለው መልሱ ተገኘ። ካንዴላውንም ፍቱት፤ ጫፉ እንደ ከሰል የጠቆረ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል።

መነሻውን ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግ

በኮብልስቶን መንገድ እግር ይንቀጠቀጣል፤ ያረጀ የመርገጫ ሴንሰርም ዝም ብሎ ይዘላል። መነሻው ዝቅ ካለ ኮምፒውተሩ ይህንን ሁሉ ርግጫ ይለዋል። መርገጫውን ሳትነኩ በሚኒሞ (ሞተሩ ቆሞ ዝቅ ባለ ዙር ሲሠራ) መረጃ ቅዱ፤ ከምታዩት ንቅናቄ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

በሞቀ ሞተር ብቻ ጨርሶ ማስረከብ

የሱሉልታን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። በቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ ብዙ ቤንዚን ይለጠፋል፤ በ85 ዲግሪ የተስማማው ጭማሪ በ12 ዲግሪ አይበቃም። የብርዱን ማባዣ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጭማሪውን የሚያበዛውን ቁጥር) ለማስተካከል መኪናው ጋራዡ ውስጥ ማደር አለበት። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ የዚያ ቀን ዕድል አለፈ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቢቸኩልም ታገሱ።

ከባሕር ጠለል የመጣ ፋይል እንዳለ መጫን

ፋይል የምንለው ለሌላ መኪና የተዘጋጀ የኮምፒውተሩን ቁጥሮች ነው። በባሕር ጠለል የውጭው ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ጋ 76 ገደማ ነው። እነሱ ጋ 100 ሲባል ቱርቦው ገና ምንም አልገፋም፤ እኛ ጋ ግን ገፍቷል። የእነሱን ቁጥር እንዳለ የጫነ ሰው ማፍጠኛውን የሚያስተካክለው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ሌላም አለ። መኪናው ወደ አዳማ ሲወርድ የውጭው ግፊት ወደ 82 ከፍ ይላል፤ ቱርቦው የሚገፋው በዚያ ላይ ይደመራል። ሞተሩ እዚህ ረግጧቸው የማያውቃቸው የሠንጠረዡ ረድፎች ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እነዚያ ረድፎች ቤንዚን ካነሰባቸው ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ከፍተኛ ግፊት ያላቸውን ረድፎች በጥንቃቄ፣ ወደ መብዛቱ አድልታችሁ ሙሉ።

ሙከራው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይያዝ። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡ፤ ከመለወጣችሁ በፊት የነበረውንም በሌላ ስም አስቀምጡት። ከባድ መኪና የሚበዛበትን ሰዓት ትታችሁ ማልዳችሁ ውጡ።